የጤና አምድ፦ አገር ቤት ስትደውሉ ይህንንም ጠይቁ

የዛሬው አምዳችን ለነፍሰ ጡር እህቶቻችን ነው፤ ባሎችም አብራችሁ አንብቡ።

ሾተላይን ሁላችንም ሰምተናል። ዛሬ የምናነሳው ግን ሌላ ነው፤ ከወላጅ የሚወረስ፣ ደም ቶሎ እንዳይረጋ የሚያደርግ ችግር። በብዛት የሚታየው ቮን ዊለብራንድ የሚባለው ሲሆን፣ ሴትም ወንድም ይይዛል። ስሙ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ በሽታው የጻፈው የፊንላንድ ሐኪም ስም ነው። ሐኪሙ የመረመራት አንዲት ልጅ በ13 ዓመቷ፣ ገና በአራተኛ የወር አበባዋ ደም ፈሷት ሞታለች። ሌላው ሂሞፊሊያ ነው፤ እናት እምብዛም ሳትታመም ለወንድ ልጇ ልታወርሰው ትችላለች።

በምን ይጠረጠራል? ነስሩ አልቆም የሚል፣ ጥርስ አስነቅሎ ሲደማ የሚያድር፣ የወር አበባዋ በጣም የሚበዛና ከ7 ቀን የሚያልፍ፣ ሲገረዝ ደሙ አልቆም ያለ ሰው በቤተሰብ ካለ ነው።

በእርግዝና ወቅት ደም የሚያረጋው ነገር በብዙዎች ላይ ከፍ ስለሚል እናትየዋ ደህና ትመስላለች። ከወለደች በኋላ ግን መልሶ ይወርዳል። ስለዚህ ደሙ በወሊድ ዕለት ብቻ ሳይሆን ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላም፣ ጎረቤት ገንፎውን በልቶ ከተበተነ ወዲያ ሊመጣ ይችላል።

እኛ ስደተኞች ደግሞ የምንጠይቃት እናት አጠገባችን የለችም። እንግዲያው ስልክ ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ “ከእኛ ዘር ደም የማይቆምለት ነበር ወይ?” በሉ። መልሱን ለአዋላጇ ንገሩ፤ በክትትል ካርዱ ላይም ይጻፍ። እንዲህ ያለች እናት ሆስፒታል እንጂ ቤት መውለድ የለባትም። ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ አትውሰዱ። ወንድ ልጅ ከተወለደም ከመገረዙ በፊት ይመርመር።

አራስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሞዴሷ ወይም ጨርቋ ከራሰ፣ ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣት ወይም ራሷን ካዞራት “ይነጋልን” አትበሉ። ደም የሚያቆም መድኃኒት አለ፤ በወሊድ ዕለት ለሚበዛ ደም ከወለደች 3 ሰዓት ሳይሞላ ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው። ማታም ቢሆን ጎረቤት ቀስቅሱ፣ መኪና አስጠሩ።