ድምፁን ያሳደገው ማን ነው?

የቆዩ የሶል ሙዚቃ ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማይቀር አንድ ክርክር አለ፤ «ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» የሚል። አንዱ ሳም ኩክ ነው ይላል፤ ድምፁ ሳይጮህና ሳይጨነቅ እንደ ዘይት ይፈሳልና። ሌላው ሻከር ያለውን፣ የሚለምነውን የኦቲስ ሬዲንግን ድምፅ ያነሣል። ሦስተኛው ሁለቱንም ሰምቶ ሲያበቃ «አሬታ ፍራንክሊን እያለች ምን ክርክር አለ?» ብሎ ሊዘጋው ይሞክራል። አል ግሪንን የሚወድ ደግሞ ሰውን በጩኸት ከመያዝ በሹክሹክታ መያዝ ይከብዳል ባይ ነው።

ክርክሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ይህ ሙዚቃ በ1960ዎቹ (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) አዲስ አበባ ደርሶ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴም «የኢትዮጵያው ጄምስ ብራውን» የሚል ስም ወጥቶለታል። እስቲ ዛሬ ከተከራካሪዎቹ አጠገብ ትንሽ እንቀመጥ።

ተከራካሪዎቹ በጣም የሚወዱት ማነጻጸሪያ «ሪስፔክት» የተባለው ዘፈን ነው። ኦቲስ ሬዲንግ ራሱ ጽፎ በ1965 አወጣው። አሬታ በ1967 በራሷ መንገድ ስትዘፍነው በአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። የኦቲስ ወገኖች «ዘፈኑ የእርሱ ነው» ይላሉ፤ የአሬታ ወገኖች «የጻፈው እርሱ፣ የወሰደችው እርሷ» ብለው ይመልሳሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ነገር ግን አሬታ የጨመረችበትን ልብ በሉ፤ እህቶቿን ኤርማንና ካሮሊንን ከኋላዋ አቁማ፣ እርሷ ስትመራ እነርሱ ይቀበላሉ። አንዱ እየመራ ሌላው መቀበል! ይህን የት እንደምናውቀው መናገር አያሻም።

ወገኖቼ፣ ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ ሳያነሡት የሚያልፉት ነገር ይህ ነው። ሳም ኩክ የሰባኪ ልጅ ነው፤ በ1951 ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ያስቀዳው «ሶል ስቲረርስ» ከተባለው የመዝሙር ቡድን ጋር ነው። ኦቲስ ሬዲንግ በጆርጂያ፣ ሜከን ከተማ፣ በቤተ ክርስቲያን መዘምራን መካከል አድጓል። አል ግሪን ከወንድሞቹ ጋር በቤተሰብ የመዝሙር ቡድን ውስጥ ነበር። የአሬታ አባት ሲ. ኤል. ፍራንክሊን በዲትሮይት የኒው ቤቴል ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበሩ፤ እርሷም የመጀመሪያ መዝሙሮቿ በዚያው ሲቀዱ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። አንዱን ቃል እያንከባለሉ ማስረዘም፣ ዝም ብሎ ቆሞ የጉባኤውን ምላሽ መጠበቅ፣ ከዜማው ወጥቶ መጮህና ተመልሶ መግባት፣ አድናቂዎች ነጥብ የሚሰጡበት ይህ ሁሉ የተለመደው በምእመናን ፊት ነው። ጉባኤ ደግሞ ጥብቅ መምህር ነው፤ ዘማሪው ባዶ ከሆነ «አሜን» የሚለው ይጠፋል።

በቋንቋችን «ዘመረ» እና «ዘፈነ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። የአሜሪካ ጥቁሮች ቤተ ክርስቲያንም በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አጥብቃ ታውቅ ነበር። ሬይ ቻርልስ በ1954 የመዝሙርን ዜማ ወስዶ ስለ አንዲት ሴት ፍቅር ሲዘፍንበት ብዙ አማኞች ተቆጡ። ሳም ኩክ በ1956 የመጀመሪያውን ዓለማዊ ዘፈን ሲያወጣ፣ የመዝሙር ወዳጆቹ እንዳያዝኑበት «ዴል ኩክ» በሚል ስም ነበር። በዓመቱ በራሱ ስም ያወጣው «ዩ ሴንድ ሚ» አንደኛ ሆነ፤ ወደ መዝሙር ቡድኑም አልተመለሰም። በ1964 በሎስ አንጀለስ አንድ ሞቴል ውስጥ በጥይት ተመትቶ ሲሞት 33 ዓመቱ ነበር። ማሃሊያ ጃክሰን ግን በምሽት ክበብ አልዘፍንም እንዳለች፣ በ1972 እስከሞተችበት ቀን ድረስ ዘማሪ ሆና ኖረች።

አል ግሪን በሌላ መንገድ ሄደ። ዝናው ገና ሳይበርድ በ1976 በሜምፊስ ፓስተር ሆነ። በ1979 ከመድረክ ወድቆ ከተጎዳ በኋላ ለዓመታት መዝሙር ብቻ ዘመረ፤ ኋላ ደግሞ ዘፈኑንም ጀመረ። የሰው ሕይወት እንደ ሰንጠረዥ በአንድ መስመር አይሰለፍም።

አሁን ወደ አሬታ ልመልሳችሁ። በጥር 1972፣ በዝናዋ ጫፍ ላይ ሳለች፣ በሎስ አንጀለስ በአንድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ምሽት ዘመረች። አገልግሎቱን የመራው ጄምስ ክሊቭላንድ ነበር፤ መዘምራኑም ከኋላዋ ነበሩ። አባቷ ተነሥተው ልጃቸው ቤተ ክርስቲያንን ከቶ እንዳልተወች ለጉባኤው ተናገሩ። «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለው ያ አልበም በአሜሪካ ብቻ ከ2 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ ከአልበሞቿ ሁሉ በሽያጭ የሚበልጠው እርሱ ነው። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ማሃሊያ ጃክሰን ስታርፍ፣ በቀብር ሥነ ሥርዓቷ ላይ የዘመረችው አሬታ ነበረች። ከድንበሩ ያልወጣችውንና የወጣችውን ያገናኘው ያ መዝሙር ነበር።

ይህን የማነሣው ማን ትክክል ነበር ብዬ ልፈርድ አይደለም። አባትየው በዘፈኖቿ ሁሉ ተስማምተው ይሁን አይሁን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ልጃቸውን ግን በአደባባይ «ልጃችን ናት» አሉ። እኛስ? በየአጥቢያችን ድምፅ የተሰጣቸው ልጆች አሉ። ሲዘምሩ «ተባረኩ» እንላለን፤ እናጨበጭባለን፤ ካሴታቸውንም ሲዲያቸውንም ገዝተናል። አንዱ ከመዘምራን ሲቀር ግን ስሙን የምናነሣው በሐሜት ነው። የት እንደሚያድር፣ ምን እንደጎደለው፣ በማን እንዳዘነ የጠየቀው ስንቱ ነው? ድምፁን ወድደን ልጁን ካላወቅነው፣ ሲሄድ የምናዝነው ለመድረካችን ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመዘምራኖቻችሁ የራቀ አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት ካለች በዚህ ሳምንት ደውሉ። ስለ ዘፈኑ አትጀምሩ፤ ስለ ጤናው፣ ስለ እናቱ፣ ስለ ሥራው ጠይቁ። አሳባችሁን የምትናገሩበት ጊዜ ይመጣል፤ የሚሰማችሁ ግን አስቀድሞ የጠየቃችሁት ሰው ነው።

«ከሁሉ የሚበልጠው ማን ነው?» ለሚለው የእኔን ድምፅ ከጠየቃችሁኝ፣ በእነዚያ ሁለት ምሽቶች የዘመረችውን አሬታን እመርጣለሁ። አልበሙን ያገኘ ሰው እርሷን ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ የሚመልሱላትን መዘምራንና ጉባኤውን ጭምር ያዳምጥ። ድምፁን ያሳደጉት እነርሱ ናቸው።

ሰላም ሰንብቱ።