ብሎኑን መሬት ላይ አጥብቁት

ዛሬ የምጽፈው ስለ ፈተና ሳይሆን ስለ መኪና የኋላ እግር ነው። በተለይ ጋራዥ የገባችሁ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከደባርቅ ወደ ሳንቃበርና ጨነቅ ለሚወጣ ላንድክሩዘር ረጅም ሞላ ማስገባት ክፋት የለውም፤ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ሆድ ይመታል። ችግሩ ሞላ ተቀይሮ፣ ብራቾ ተገዝቶ፣ ያለ ልኬት ታስሮ "በቃ አለቀ" ሲባል ነው።

እንደ ላንድክሩዘር 80 ባለ መኪና ላይ ሞላው የሚሸከመው ክብደቱን ብቻ ነው። የኋላ አክስሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይሸሽ የሚይዙት ብራቾዎቹ ናቸው፤ ወደ ጎን እንዳይሄድ ደግሞ አግድም የተዘረጋው ዘንግ። ብራቾ በጣልያንኛ ክንድ ማለት ነው። መኪናው ከፍ ሲል ክንዶቹ ያዘነብላሉ፣ አክስሉ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፣ የዲፈረንሻሉ አቅጣጫ ይለወጣል፣ ክሮቸራው ባልለመደው አንግል ይሠራል። መንቀጥቀጡ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ርዝመቱ የሚስተካከል ብራቾ የተሠራው ይህን ለማረም ነው።

ግን ዕቃው ውድ ስለሆነ ብቻ መኪናውን አያስተካክልም። የሚያስተካክለው ልኬት ነው። እስቲ እናስላው፦ የግራና የቀኝ ብራቾዎች በ1 ሜትር ተራርቀዋል እንበል። አንዱ ከሌላው በ5 ሚሊ ሜትር ቢረዝም አክስሉ በየሜትሩ 5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ያመለክታል። በ1 ኪሎ ሜትር 5 ሜትር ማለት ነው! ሹፌሩ ይህን በመሪ እየታገለ ነው የሚሄደው። ሊማሊሞ ላይ፣ ገደል አፋፍ፣ ሰው ጭኖ።

ሁለተኛው ነገር አጠባበቁ ነው። በብራቾው ጫፍ ያለው የጎማ ቡሽ የሚሠራው እየተጠመዘዘ ነው። መኪናው ተንጠልጥሎ፣ እግሩ ወደ ታች ወርዶ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ ቡሹ በዚያው አቋም ይቆለፋል። መኪናው መሬት ሲረግጥ ገና ጉዞ ሳይጀመር ቡሹ ተጠምዝዟል፤ ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኑን ሳታጠብቁ ያዝ አድርጉት። መኪናውን በጎማው አቁሙት፣ ወዝወዝ አድርጉት። ከዚያ ፋብሪካው ባዘዘው ልክ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ። የመቆለፊያውን ዳዶም አትርሱ። የአላይመንት ማሽን ባይኖር እንኳ ከአክስሉ እስከ ሻንሲው ቋሚ ነጥብ ግራና ቀኙን በሜትር ለኩ። ጥቂት ቀን ከተነዳ በኋላ ደግሞ እንደገና ፈትሹ።

"ድሮ በዓይን ነበር እኮ የሚሠራው" የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ ግን ባሌስትራ ነበር። ባሌስትራ ክብደቱንም ይሸከማል፣ አክስሉንም ይይዛል፤ የሚረዝም የሚያጥር ክንድ የለውም። ዕቃው ከተለወጠ አሠራሩም መለወጥ አለበት።

ባለ መኪኖችም አታመልጡም። ለዕቃው ሳትከራከሩ ከፍላችሁ ለእጅ ዋጋ ስትሆን ትከራከራላችሁ። "ቶሎ በል፣ ነገ ጉዞ አለኝ" ስትሉ ልጁ የሚቀንሰው ከምን ላይ ይመስላችኋል? ከልኬቱ ላይ ነው። እናንተ የምትጠይቁት ሦስት ጥያቄ ነው፦ ግራና ቀኙ ተለክቷል? ብሎኑ የጠበቀው መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ነው? በምን ያህል ቶርክ?

ቶርክ ክፍል ውስጥ "ኃይል ሲባዛ ርቀት" ያልነው ነው። ያኔ "ቲቸር፣ ይሄ ምን ይጠቅመናል?" ትሉኝ ነበር። ይኸው፣ የሰው ነፍስ ይጠብቃል።

ጋራዥ ያላችሁ፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው የሚሠራው? ጻፉልኝ። ለሹፌር ወዳጆቻችሁም ሼር አድርጉላቸው።