ጨዋታው የጋራ፣ ስሙ የማን?

ጎበዝ፣ ገበጣን በስልክ ጌም ለመሥራት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ የሁላችንም ነው። ቅኔ ጌምስም የ«ኩኩሉ»ን ዶሮ ያመጣው ከዚሁ ከጓሯችን ነው። የራሳችሁ የሚሆነው ኮዱ፣ ሥዕሉና ሙዚቃው ነው። ለእነዚህ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሳታስመዘግቡም ጥበቃ ይሰጣችኋል።

ስሙ ግን ሌላ ጣጣ አለው! በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት ባለቤት የሚያደርጋችሁ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ነው፤ እሱም በየ7 ዓመቱ ይታደሳል።

እናም ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮድ ስትጽፉ የምታድሩ ልጆች፣ ጌማችሁን ፕሌይ ስቶር ላይ ከመጫናችሁ በፊት አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጎራ በሉ። ለሎጎ የምታወጡት ብር ለስሙም ይድረሰው። ጌሙ ከታወቀ በኋላ ሌላ ሰው ስሙን አስመዝግቦት ከተገኘ፣ በገዛ ልጃችሁ ስም ፍርድ ቤት መመላለስ ይመጣል።