ስለ ቤተ ሰብ፤ የእመቤቶች መርሳት በአንደበት ሲሸፈን

በዕድሜ የገፉ የቤት እመቤት ትናንት የመጣውን እንግዳ ስም ቢረሱ፥ አንዱንም ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢመላልሱት፥ በቤቱ ያሉት ሰዎች «ዕድሜ ነው፤ ጃጅተዋል» ብለው ያልፉታል። እኒሁ እመቤት ግን እንግዳ በገባ ጊዜ ሰላምታውን አሣምረው፥ የዘመድ ሐረግ ቈጥረው፥ የጥንቱን ነገር በጨዋ ቃል ሲያወጉ ያየ ሁሉ «ምንም አልሆኑም» ይላል። ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንነግር የወደድነው ስለዚሁ መታለል ነው።

ከመርሳት ደዌዎች ሁሉ የሚበዛው አልዛይመር የሚባለው ነው። ስሙም የተገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓመት በፍራንክፈርት ከተማ አውጉስተ ዴተር የምትባለውን የ51 ዓመት ሴት መረመረ፤ በ1906 በሞተች ጊዜም አንጐሏን በአጉሊ መነጽር ተመልክቶ ያየውን በዚያው ዓመት ለሐኪሞች ጉባኤ ገለጸ። እንግዲህ የዚህ ደዌ መዝገብ የተከፈተው በሴት ነው። ዛሬም በአሜሪካ ካሉት ሕመምተኞች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ሴቶች ናቸው። ሴት ከወንድ ይልቅ ዕድሜዋ ስለሚረዝም ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትነት አለው፥ ነገር ግን ነገሩ በዚህ ብቻ አያልቅም።

ሰው ሁሉ አንዱን ከአባቱ አንዱን ከእናቱ የሚወርሰው፥ አፖኢ የሚባል ዘረ መል አለ። ዓይነቱም ሦስት ሁኖ 2ኛ፥ 3ኛ፥ 4ኛ እየተባለ ይጠራል። 4ኛው ዓይነት ከደዌው ጋራ መያያዙን የአሜሪካ ሊቃውንት በ1993 አስታወቁ። በ2017 ደግሞ 58 ሺህ ያህል ሰዎች የተቈጠሩበት ምርመራ ታተመ። ከ55 እስከ 85 ዓመት ያሉት በጅምላ ሲታዩ፥ አንድ 4ኛ ዓይነት የወረሱ ወንዶችና ሴቶች አደጋቸው ተቀራራቢ ሁኖ ተገኘ። ከ65 እስከ 75 ዓመት ያሉት ለብቻ ሲታዩ ግን፥ ሁለት 3ኛ ከወረሱት ጋራ ሲመዛዘን፥ የሴቶቹ አደጋ ከአራት እጥፍ በላይ፥ የወንዶቹ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ይህም 10 ዓመት ሴት ልጆቿን ድራ የልጅ ልጅ የምትታቀፍበት ዘመን ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል። ሴቶች የሰሙትን ቃል ይዞ በመመለስ ከወንዶች ይበልጣሉ። ይህ ጸጋ በጤና ጊዜ ሀብት ነው፤ ደዌው በጀመረ ጊዜ ግን መጋረጃ ይሆናል። ሐኪሙ ጥቂት ቃላት አንብቦ «ይድገሙልኝ» ሲላቸው፥ አንጐላቸው ተጐድቶ ሳለ እንኳ፥ ለወንድና ለሴት በአንድነት የተወሰነውን ልክ አልፈው ይወጣሉ። ኋላ መጋረጃው በተቀደደ ጊዜ ውድቀቱ ይፈጥናል፤ ቤተ ሰቡም «በድንገት መጣባቸው» እያለ ያለቅሳል። በድንገት አልመጣም። ስለዚህ የእናቱን ነገር የሚከታተል ሰው ወጋቸውን ትቶ ሥራቸውን ይመልከት፤ የቤቱን ሒሳብ እንዴት እንደያዙ፥ የለመዱትን ወጥ ሲሠሩ ተራው ይጠፋባቸው እንደሆነ፥ ከለመዱት መንገድ ይስቱ እንደሆነ ያስተውል።

ይህን ያነበበ ሁሉ ግን በዘሩ እንዳይደነግጥ እንለምናለን። የአውጉስተ ዴተር የአንጐል ቍራጭ ተጠብቆ ኑሮ በኋላ ዘመን ቢመረመር፥ ሁለቱም 3ኛ ሆኑ እንጂ 4ኛው ዓይነት አልተገኘባትም። በናይጄሪያም በኢባዳን ከተማ ለብዙ ዓመት በተደረገው ምርመራ የ4ኛው ዓይነት ብርታት በአሜሪካ እንደታየው አልሆነም። የ2017ቱ ቍጥር ይልቁንም የአውሮፓ ዘር ካላቸው ሰዎች የተገኘ ስለሆነ፥ እንዳለ አምጥቶ በአፍሪቃዊት እናት ላይ መጫን አይገባም።

ደግሞም በላንሴት መጽሔት የተሰበሰቡት ሊቃውንት በ2024 እንደ ጻፉት፥ 14 ምክንያቶች ቢታረሙ ከመርሳት ደዌ ከመቶው 45 ያህሉ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል። የደም ግፊት፥ የስኳር በሽታ፥ የጆሮ መክበድ፥ ትንባሆ ከነዚሁ ናቸው። በልጅነት ትምህርት ማጣትም ከነዚህ ተቈጥሯል፤ በብዙ አገር ከትምህርት ቤት ደጅ ስትመለስ የኖረችው ሴቲቱ መሆኗን ማን ያጣዋል?

የታመሙትንም የሚያስታምሙት ይልቁን ሴቶች ልጆቻቸው ናቸው። እናቷን ደግፋ ከሐኪም ፊት የምታቀርበው ልጅ ከእናቷ ሁለት ዘረ መሎች አንዱን ይዛ የምትኖር ናትና፥ ሐኪሙ እናቲቱን መርምሮ ሲጨርስ፥ እርሷም ክንዷን ገልጣ የደም ግፊቷን ብታስለካ መልካም ነው።