«እንዳለ ነው የሸጥንልህ» የሚለው ቃል ማንን ነጻ ያወጣል?

 

ከዒሻ በኋላ ለሱልህ ወደ መስጂዳችን ከሚመጡት የገንዘብ ክርክሮች መካከል ያገለገለ መኪና የማይነሳበት ሳምንት ጥቂት ነው። ታሪኩ ይመሳሰላል። ሁለት ሦስት ወጣቶች እቁባቸውን ሰብስበው፣ ከዘመድ ተበድረው፣ ዐረብ አገር ያለች እህት የላከችውን ጨምረው ለታክሲ ሥራ የምትሆን መኪና ከመኪና መሸጫ ይገዛሉ። ሻጩ «ወላሂ እንከን የላትም» ይላል። እነርሱም «ወንድማችን ነው፣ አብረን እንሰግዳለን» ብለው ከዚያ በላይ አይጠይቁም። ሳምንት ሳይሞላ ካምቢዮው መንሸራተት ይጀምራል፣ ወይም ሞተሩ ዘይት ይበላል። ተመልሰው ሲሄዱ የሚሰሙት መልስ አንድ ነው፦ «አይታችሁ፣ ነድታችሁ ገዝታችኋል። እንዳለ ነው የሸጥነው።»

ዛሬ ስለዚች ቃል እንነጋገር። «እንዳለ» ማለት ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት አታነጻለትም። ገዢም ዋስትና መጠየቁ፣ ዋስትናውንም በጽሑፍ ማድረጉ ወንድሙን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ወንድማማችነቱን የሚያቆየው ይህ ነው።

መጀመሪያ የዲናችንን መሠረት እናስታውስ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ ከአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ርጥበት ማግኘታቸውን አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ባለ እህሉ ዝናብ ነክቶት ነው ሲል፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ልብ በሉ! ሰውየው እህሉን በዝናብ አላስመታም፤ ጥፋቱ እርጥቡን ከታች ማድረጉ ነው። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። ካምቢዮ ማርጀቱ የማንም ወንጀል አይደለም። ያረጀ ካምቢዮ ያላትን መኪና ዱኮ አስቀብቶ፣ ሞተሯን አጥቦ፣ ኪሎ ሜትሯን አስቀንሶ ማቆም ግን እርጥቡን እህል ከታች መቅበር ነው።

ሁለተኛ፣ ከመሸጧ በፊት ሳትታለብ ቆይታ ጡቷ ሞልቶ እንዲታይ የተደረገች እንስሳ የገዛ ሰው ምርጫ እንዳለው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወስነዋል። ካልወደዳት ይመልሳታል፣ ስለ ወተቱም አንድ ቁና ተምር ይሰጣል። በሶሒሕ ሙስሊም ዘገባ ይህ ምርጫ ሦስት ቀን ተብሎ ተወስኗል። እንግዲህ «ሞክሬ ካልሆነ እመልሳለሁ» የሚለው ጥያቄ ከፈረንጅ የመጣ አይደለም። ሦስት ቀን የተባለውም ምክንያት አለው፤ የተደበቀው ነገር የሚገለጠው ዕቃው በገዢው እጅ ሲውል ነውና።

ሦስተኛውና ለዛሬው ጉዳያችን ዋነኛው በኢማሙ ማሊክ ሙወጠእ ውስጥ የተዘገበው ፍርድ ነው። ባሪያ እንደ ንብረት በሚሸጥበት በዚያ ዘመን ዐብዱሏህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) አንድ ባሪያ በ800 ዲርሃም ሸጡ። ሽያጩ ሻጩ ከጉድለት ኃላፊነት ነጻ ነው በሚል ውል ነበር፤ በዛሬው ቋንቋ «እንዳለ» ማለት ነው። ገዢው ያልተነገረው በሽታ እንዳለበት ተናግሮ ጉዳዩ ወደ ዑስማን (ረ.ዐ) ደረሰ። ዑስማን ውሉን አይተው አላሰናበቱም። ኢብኑ ዑመር በሽታውን ሳያውቁ እንደሸጡ እንዲምሉ ፈረዱ። ኢብኑ ዑመር ለመማል ፈቃደኛ ሳይሆኑ ቀሩና ባሪያውን መልሰው ተቀበሉ። እርሳቸው ዘንድ ዳነ፤ በኋላም በ1500 ዲርሃም ሸጡት። ዳኛው የጠየቁት «ታውቅ ነበር ወይ?» የሚለውን ነው። መኪና የምትሸጥ ወንድማችን! ይህን ጥያቄ ዛሬ ማንም ባይጠይቅህ ነገ ጠያቂ አለው።

በእርግጥ ዑለማዎች «ከማንኛውም ጉድለት ነጻ ነኝ» በሚለው የሽያጭ ውል ላይ ተለያይተዋል። ሐነፊያዎች በጥቅሉ ይፈቅዱታል። ሻፊዒያዎች ዘንድ ሻጩን የሚያድነው በእንስሳ ላይ ባለ፣ ሻጩም በማያውቀው ስውር ጉድለት ብቻ ነው። አንድ ነገር ላይ ግን ልዩነት የለም፤ እያወቁ መደበቅ በሁሉም ዘንድ ሐራም ነው። ስለዚህ በመዝሀብ ልዩነት ተጠልሎ ወንድሙን የሚያታልል ሰው መዝሀብ የለውም።

የአገራችንም ሕግ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ኃላፊ ያደርገዋል። ውሉ ውስጥ «ዋስትና የለም» የሚል ቃል ቢገባ እንኳ ሻጩ ጉድለቱን በተንኮል ደብቆ ከሆነ ያ ቃል ዋጋ የለውም። በሌላ በኩል ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ባሕር ማዶም ሐሳቡ የታወቀ ነው። እንግሊዝ አገር በፈረንጆች 2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ፣ ከነጋዴ የተገዛ ያገለገለ መኪናም ሆነ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ሲሸጥ የነበረ ጉድለት ከተገኘበት በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ገንዘብን ለመቀበል መብት ይሰጣል። በእኛ ኪታቦች ኺያር አልዐይብ የሚባለውን እነርሱ በሕግ ጽፈው ይሠሩበታል፤ እኛ ኪታቡን ቀርተን ገበያ ላይ ስንደርስ እንረሳዋለን።

ጉዳዩ አሁን የሚከብድበት ምክንያትም አለ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ገበያው ላይ የሚዞሩት የነዳጅ መኪኖች በየዓመቱ እያረጁ ናቸው። በፈረንጆች 1999 የተሠራች ቪትዝ ዛሬ ከ25 ዓመት በላይ ሆኗታል፤ አሁንም ትሸጣለች፣ ትለወጣለች። የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛውም ሰው «የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ነው» ሲባል ይሰማል። ብዙ አምራቾች እንዲህ ያለ ዋስትና መስጠታቸው እውነት ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ ዋስትናው መኪናዋ መጀመሪያ ከተሸጠችበት አገር ውጭ ይሠራል? ለሁለተኛ ባለቤት ይተላለፋል? ጥገናውን እዚህ የሚያደርገው ማን ነው? ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ ከሌለ 8 ዓመቱ ወሬ ነው።

ታዲያ ወጣቱ ምን ያድርግ? ከብዙ ክርክር የተማርነውን እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሻጩ ማን እንደሆነ እወቁ። ብዙ መኪና መሸጫዎች የሚያቆሙት የራሳቸውን መኪና ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ በኮሚሽን እንዲሸጡለት ያስቀመጠውንም ነው። ችግር ሲመጣ «እኛ ደላላ ነን፣ ባለቤቱን ጠይቁ» ይባላል። ባለቤቱ ደግሞ «ሁሉን ለመሸጫው ነግሬያለሁ» ይላል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ጉድለት ቢገኝ መልስ የሚሰጠው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ።

ሁለተኛ፣ መካኒካችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሻጩ የሚጠቁማችሁን አይደለም። ሞተሩ ሳይነሳ፣ ሳይሞቅ ድረሱ፤ ብዙ ድምፅና ጭስ የሚታየው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ሆኖ የመሪው ቆዳ፣ የፍሬን ፔዳሉና የሹፌሩ ወንበር ያለቁ ከሆኑ ቁጥሩን አትመኑ። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ዕዳና ዕገዳ እንደሌለባት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት አረጋግጡ።

ሦስተኛ፣ ዋስትናውን በቃል አትቀበሉ። አላህ (ሱ.ወ) በዱቤ ስንዋዋል እንድንጽፍ ያዘዘን እርስ በርስ ስለማንተማመን ሳይሆን ሰው ስለሚረሳ፣ ሸይጧንም በመካከል ስለሚገባ ነው። ወረቀቱ አጭር ይሁን፦ ሻጩ የተናገራቸው ጉድለቶች እነዚህ ናቸው፤ ሞተርና ካምቢዮ ለዚህን ያህል ቀን ወይም ለዚህን ያህል ኪሎ ሜትር በዋስትና ናቸው፤ ብልሽት ቢገኝ ይጠገናል፣ ዋጋ ይቀነሳል ወይም ገንዘብ ይመለሳል። የመመለስ ምርጫን በውል ለመወሰን ሦስት ቀን በአቡ ሐኒፋና በሻፊዒያ ዘንድ የተፈቀደ ነው፤ ሐንበሊያዎች ደግሞ ተዋዋዮቹ የተስማሙበት የታወቀ ጊዜ ከዚያ ቢረዝምም ይፈቅዳሉ። «አስፈላጊው ሁሉ ይደረጋል» የሚል ወረቀት ግን ምንም ያልተጻፈበት ወረቀት ነው።

አራተኛ፣ ዋጋውን በእውነተኛው ልክ አስጽፉ። ለግብር ተብሎ በ900 ሺህ የተሸጠው መኪና ውል ላይ በ300 ሺህ ሲጻፍ አይተናል። መኪናዋ የምትመለስ ቀን ሻጩ ወረቀቱን አውጥቶ «የተቀበልኩት ይኸው» ቢል ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? በውሸት የተጀመረ ውል መጀመሪያ የሚነክሰው የተስማማበትን ነው።

አምስተኛ፣ ጉድለት ስታገኙ የዚያኑ ዕለት አስታውቁ፣ መኪናዋንም አቁሙ። በሻፊዒያ ዘንድ ጉድለቱን ካወቁ በኋላ ያለ ምክንያት መዘግየትና መጠቀም መመለስን ያስቀራል። «ወሩን ሠርተንባት እንመልሳት» የሚል ወጣት መብቱን በእጁ ይጥላል። ጉድለቱ ሳይጠገን ሌላ ጉዳት በእናንተ እጅ ከደረሰባት ደግሞ መመለሱ ቀርቶ የዋጋ ልዩነት ወደ መጠየቅ ትወርዳላችሁ።

ገዢዎችም አማና አለብን። ዐይብ የሚባለው ከርክክብ በፊት የነበረ፣ ገዢው ያላወቀው፣ ዋጋን የሚቀንስ ጉድለት ነው። ያረጀ ጎማ፣ የደከመ ባትሪ፣ ያለቀ የፍሬን ሸራ በ20 ዓመት መኪና ላይ ዐይብ ሳይሆን ዕድሜ ነው። በዋስትናው ቀን ኮረኮንች ላይ እያንገጫገጩ ሰብሮ «ሲሸጥልኝ እንዲህ ነበር» ማለትም ሌላው ማታለል ነው። ሻጩ ጉድለቱን ነግሮን፣ ዋጋም ቀንሶልን ከገዛን በኋላ በዚያው ጉድለት መክሰስም አይገባም።

መኪና ለምትሸጡ ወንድሞቻችን አንድ ጥያቄ አለን። ጉድለቱን ብትናገሩ ከዋጋው ምን ያህል ይቀንሳል? 30 ሺህ? 50 ሺህ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሻጭና ገዢ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ሽያጫቸው በረካ እንደሚኖረው፣ ከደበቁና ከዋሹ ግን በረካው እንደሚጠፋ አስተምረዋል። መሐላም ዕቃን ቢያሸጥ በረካን እንደሚያጠፋ አስጠንቅቀዋል። እንግዲህ «ወላሂ» ዋስትና አይደለም፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዕዳ ነው። መኪናዋ ላይ የሚለጠፍ አንድ ወረቀት ይበቃል፦ «ካምቢዮ ትንሽ ይዘገያል፤ በዚህ ምክንያት ዋጋው ይህ ነው።» የሚገዛ ይገዛል፤ የሚተው ይተዋል። የገዛው ደግሞ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል።

አንዳንድ ወጣቶች «ዋስትና ጻፍልኝ ብዬ ብጠይቀው ይቀየመኛል» ይሉናል። በሱልህ ላይ ያየነው የዚህን ተቃራኒ ነው። በጽሑፍ የተስማሙ ሰዎች መኪናዋ ብትበላሽ ወረቀቱን አይተው ጠግነው ይለያያሉ። በ«ወንድሜ» ብቻ የተስማሙት ግን ገንዘቡም ወንድምነቱም ይጠፋባቸዋል፤ በአንድ ሶፍ ቆመው ከሰላምታ ይሸሻሻሉ። ቅሬታው ከመኪናዋ ይልቅ ይቆያል። የምንፈራው ይህን ነው፤ ስለዚህም ነው «አታፍሩ፣ አስጽፉ» የምንለው።

አላህ በሐላል ሪዝቃችን ላይ በረካ ያድርግልን። ሻጮቻችንን እውነተኛ፣ ገዢዎቻችንን ፍትሐዊ ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።