ስለ ጣት ውልቃት

ጣት ትንሽ ብልት ናት። ነገር ግን ብዕር የምትይዘው፣ እንዝርት የምታሾረው፣ ስናማትብም የምትቀድመው እርሷ ናትና ጉዳቷ በቸልታ አይታለፍም።

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር በገና ሰሞን ወጣቶች ጥንግ ሲመቱ፣ ልጆች በትምህርት ቤት ሜዳ ኳስ ሲቀልቡ፣ ገበሬውም የበሬውን ገመድ በእጁ ጠምጥሞ ሲጎተት፣ የጣት አጥንት ከመጋጠሚያው ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወልቀው የመካከለኛው አንጓ ነው። ጣቱ ይጣመማል፣ ወዲያው ያብጣል፣ መታጠፍም መዘርጋትም ይሳነዋል። ይሁን እንጂ ውልቃትን ከስብራት በዓይን ብቻ መለየት አይቻልም፤ ሁለቱ አብረው የሚደርሱበት ጊዜም አለ። ይህን ለይቶ የሚያሳየው ራጅ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እብጠቱ ሳይበረታ ቀለበት ካለ ይውለቅ። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ይደረግበት፤ እጁም ከልብ ከፍ ብሎ ይያዝ። ማንም ጣቱን በጉልበት አይጎትት፤ በተለይ በጣት ሥር ያለው አንጓ ሲወልቅ ጅማት በመካከል ሊገባ ስለሚችል መጎተቱ ያብሰዋል። ሐኪሙ አደንዝዞ አጥንቱን ወደ ቦታው ይመልሳል፤ ከዚያም ጣቱን ከጎረቤቱ ጣት ጋር ያስረዋል። ጣቱ እንዳይደርቅም በታዘዘው ጊዜ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። ሳምንታት ካለፉ ግን ያለ ቀዶ ሕክምና መመለሱ ይቸግራል።

ስለ ወጌሻም እናንሣ። ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈውን ይህን ሙያ የምንንቅ አይደለንም፤ ሐኪም በሌለበት ዘመን ስንቱን አቁሟል። ነገር ግን በቀርከሃ አጥብቆ ማሰር የደምን መንገድ ይዘጋል፤ ደም ያጣ ሥጋም ይሞታል። በአገራችን ለልጆች እጅና እግር መቆረጥ ከሚታወቁት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። በትንሽ ጣት የተጀመረው ነገር እጅን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ስለዚህ፣ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁ እጅ ታስሮ እንደ ሆነ ጥፍሩን ተጭናችሁ ልቀቁ። የነጣው ጥፍር ወዲያው ካልቀላ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ከደነዘዘ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ ማሰሪያውን በዚያው ቅጽበት ፍቱ። እስኪነጋም ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ወጌሻውን አክብሩ፤ ራጁን ግን አስቀድሙ።