ትኩሳት ቀጠሮ አይጠብቅም

ሰሞኑን ቲክቶክ በከፈትኩ ቁጥር የሚመጣብኝ የሕክምና ዕርዳታ ጥሪ ነው። የታማሚው ፎቶ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ «ውጭ ሄዶ ለመታከም ይህን ያህል ሚሊዮን ብር ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ። እናንተም ታዩታላችሁ፤ መቶም ሁለት መቶም ብር በቴሌብር የላካችሁ ትኖራላችሁ። ደግ አድርጋችኋል። የደም ካንሰር ያለበትን ወላጅ ሁለት ዓመት ያስታመመ ሰው ግን እነዚህን ጥሪዎች ሲያይ ቀድሞ የሚመጣበት ሌላ ጥያቄ ነው፦ ቪዛው እስኪመጣ፣ ዛሬ ማታ ቢያተኩሰውስ?

እያጋነንኩ አይደለም። የደም ካንሰር ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹን የሚገድለው ካንሰሩ በቀጥታ ሳይሆን ካንሰሩ በከፈተው በር የሚገባ ኢንፌክሽን ነው። የአባቴ ሕመም ክሮኒክ ሊምፎሲቲክ ሉኬሚያ ይባላል፤ ሐኪሞቹ በአጭሩ ሲኤልኤል ይሉታል። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው። «ከዚህ ጋር ብዙ ዓመት የሚኖሩ አሉ» ያለን ሐኪም እውነቱን ነው። ሌላው ግማሽ የተገለጠልን ቆይቶ ነው። በዚህ በሽታ የሚበላሸው ቢ ሴል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ነው፤ ጤነኛ ሲሆን ከተህዋስያን የሚጠብቀንን አንቲቦዲ የምናገኘው ከሱ ነው። የአባቴን የደም ምርመራ ውጤት ብታዩ የነጭ ደም ሕዋሱ ቁጥር ከጤነኛ ሰው ብዙ እጥፍ ነው። ወታደር ሞልቷል፣ ተኳሽ የለም። ኬሞ ሲጀመር ደግሞ ባክቴሪያን ፊት ለፊት የሚገጥመው ኒውትሮፊል የተባለው ሌላው ሕዋስ አብሮ ይወርዳል።

ስለዚህ በዓመት ተኩል ውስጥ አራት ጊዜ ተኝቷል። ሁለቴ በሳንባ ምች፣ አንዴ ኢንፌክሽኑ ደም ውስጥ ገብቶ፣ አንዴ ደግሞ ጎኑን ሙሉ በወረሰው አልማዝ ባለጭራ። (አልማዝ ባለጭራን መንደር ውስጥ ቅጠል በመቀባት የሚያክሙ አሉ። ቆዳው ላይ ይታይ እንጂ መነሻው በልጅነት የያዘን የኩፍኝ መሰል በሽታ ቫይረስ ነው፤ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ኖሮ መከላከያው ሲደክም ይነሳል። እንዲህ ላለ ሰው የሚያስፈልገው ቶሎ የሚጀመር የቫይረስ መድኃኒት ነው።)

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። በዓለም አቀፍ የሕክምና መመሪያዎች መሠረት፣ ኒውትሮፊሉ የወረደ ሰው ሙቀቱ አንድ ጊዜ 38.3 ከደረሰ፣ ወይም 38 ሆኖ አንድ ሰዓት ከቆየ፣ ድንገተኛ ሕመምተኛ ነው። ሆስፒታል በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ መጀመር አለበት። ለካልቸር ደም ይቀዳለታል፣ ወዲያው መድኃኒቱ ይጀመራል፤ ውጤት አይጠበቅም። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ሰው መግል ለመቋጠር እንኳ አቅም የለውም። ቁስሉ ላያብጥ፣ ሳሉ ላይበረታ ይችላል። አንዳንዴ ያለው ምልክት ትኩሳቱ ብቻ ነው።

እኛ ጋ 60ው ደቂቃ የት ይሄዳል? ባለፈው የካቲት የሆነውን ልንገራችሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከሩብ ላይ ቴርሞሜትሩ 38.6 አለ። 8 ሰዓት ከ50 ላይ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ ነበርን፤ ሌሊት ስለሆነ መንገዱ ባዶ ነው። ከዚያ ካርድ ክፍል። ከዚያ ተራ። ከፊታችን በመኪና አደጋ የመጡ ሦስት ልጆች ነበሩ፤ ደም ሲፈሳቸው ይታያል። አባቴ ግን በእግሩ ቆሟል፣ እንዲያውም «እኔ እጠብቃለሁ፣ ልጆቹን እዩ» ይላል። ለሚያየው ሰው ጉንፋን የያዘው ሽማግሌ ነው። ከዚያ ታሪኩን ከመጀመሪያው መናገር፣ ክፍያ፣ ላብራቶሪ፣ ውጤት፣ ማዘዣ። የታዘዘው መድኃኒት ሆስፒታሉ ፋርማሲ ውስጥ አልነበረም። የማዘዣውን ፎቶ በስልኬ ይዤ ሌሊት የሚሠሩ ሦስት ፋርማሲዎችን ዞርኩ። የመጀመሪያው ጠብታ ክንዱ ውስጥ የገባው ንጋት ላይ፣ 12 ሰዓት ከ40 ነው። ሦስት ሰዓት ከ50 ደቂቃ።

በዚያ ሌሊት ክፉ ሰው አላየሁም። ተረኛዋ ሐኪም ከአልጋ ወደ አልጋ ስትሮጥ ነው ያደረችው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርስ በየስልካችን የተከራከርነው «ልክ ናቸው፣ አይደሉም» እያልን ነበር። በኔ በኩል ጥያቄው ልክ ነው። ግን ደመወዙ ነገ በእጥፍ ቢጨመር እንኳ፣ ካርድ ክፍል ያለው ሠራተኛ የአባቴ 38.6 ከሌላው ሰው 38.6 የተለየ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ይሄ የአሠራር ጉዳይ ነው።

እንግሊዝ አገር ኬሞ የሚወስድ ሰው ኪሱ ውስጥ የሚይዛት ትንሽ የማስጠንቀቂያ ካርድ አለች። «ይህ ሰው ኬሞ ላይ ነው፣ ካተኮሰው ሳትዘገዩ አንቲባዮቲክ ጀምሩለት» ነው ነገሩ። ነርሷ ካርዷን ታያለች፣ ሰውየው ወረፋ አይጠብቅም። ይህን እዚህ ለመሥራት ማሽን አይገዛም፣ ባለሙያ ከውጭ አይመጣም። ማተሚያ ቤት፣ አንድ ሰርኩላር፣ እና ድንገተኛ ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ዶዝ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ሒሳቡ በኋላ ይከፈላል። ጤና ሚኒስቴር ካንሰርን በተመለከተ በየዓመቱ ከሚያወጣቸው መግለጫዎች ይልቅ ይህቺ ካርድ ብዙ ሰው ታድናለች ባይ ነኝ።

ተቃውሞውን ሰምቼዋለሁ። «በመኪና አደጋ የመጣውስ?» ይባላል። ደም የሚፈሰውን ሰው ማንም አይቅደመው፣ ልክ ነው። ግን አንድ ነርስ ደም ቀድታ መድኃኒቱን የምታስጀምርበት ጊዜ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ሦስት ሰዓት ከሃምሳ የፈጀው ሕክምናው መቼ ሆነና፤ ሕክምናው ጋ ለመድረስ ነው።

ካርዷ እስክትመጣ እኛ ቤት የራሳችንን ሠርተናል። የደም ሐኪሙን ጠይቀን አንድ ገጽ ደብዳቤ በማኅተም አጻፍን፦ የበሽታው ስም፣ የመጨረሻው ኬሞ ቀን፣ የመጨረሻው የደም ቁጥር፣ የማይስማማው መድኃኒት፣ ሲያተኩሰው ምን እንደሚደረግ። ዋናው በፕላስቲክ ተሸፍኖ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ፎቶው ሦስታችንም ልጆች ስልክ ውስጥ አለ። በሰኔ ድጋሚ ሲያተኩሰው ተረኛው ሐኪም ደብዳቤውን አንብቦ መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ተጀመረ። እናንተም እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ ነገ ጠይቁ፤ ሐኪሞቹ እምቢ አይሉም። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሳትለኩ ፓራሴታሞል አትስጡ። ትኩሳቱን ይደብቀዋል እንጂ በሽታውን አያቆመውም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አብዛኛው መድኃኒታችን ከውጭ የሚገባ ነው፣ ወይም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል። ይሄ ማለት አባቴ ቀለል ያለው አንቲባዮቲክ እምቢ ሲለው የሚታዘዝለት ሜሮፔኔም ዋጋ ከኔ ደመወዝ ጋር ሩጫ ገጥሟል ማለት ነው፤ ደመወዜም እየተሸነፈ ነው። አንቲቦዲውን በመርፌ የሚተካለት ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባል መድኃኒትም አለ። ከሺዎች ደም ለጋሾች ፕላዝማ ተጣርቶ የሚሠራ ስለሆነ ውድ ነው፤ ባደጉት አገሮች ኢንፌክሽን ለሚመላለስባቸው የሲኤልኤል ሕመምተኞች በየወሩ ይሰጣል። እኛ ቤት ስሙን ከማወቅ አላለፍንም።

«መድህን የለም እንዴ?» የሚለኝ ጓደኛ አለ። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ ብዙ አርሶ አደርና በግል የሚሠራ ሰው ይጠቀምበታል። ጥሩ ነው። ለመደበኛ ሠራተኛና ለጡረተኛ የታሰበው የማኅበራዊ ጤና መድህን ግን አዋጅ ቁጥር 690 በ2002 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ዓመት ሲቆጠርበት የኖረ ነው። አባቴ ጡረተኛ መምህር ነው። ሠላሳ ዓመት ከደመወዙ ግብር የተቆረጠበት ሰው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ልጁ ኪስ ውስጥ ባለው ገንዘብ ልክ ይታከማል። አዋጁ ሲወጣ አንደኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ሥራ ፈላጊ ሆኗል።

ቆይ ግን፣ ሁሉንም መንግሥት ላይ ጥለን አናመልጥም። የሁለተኛው የሳንባ ምች ጊዜ ሴፍትሪያክሶን አምስት ቀን ተሰጥቶት ትኩሳቱ አልወርድ አለ። የካልቸሩ ውጤት ሲመጣ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዶታል። አባቴ ከዚያ በፊት ብዙ አንቲባዮቲክ ስለወሰደ ከሱ ሊሆን ይችላል፤ ከሆስፒታሉም ሊሆን ይችላል። ከኛም ሊሆን ይችላል። ጉንፋን ሲይዛችሁ ሰፈር ፋርማሲ ሄዳችሁ «የሦስት ቀን አዚትሮ» ያላችሁ፣ የጓደኛችሁን ትራፊ አሞክሳሲሊን የዋጣችሁ፣ ሁለት ቀን ወስዳችሁ ሲሻላችሁ የተዋችሁት። ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚነካው ሌላውን ባክቴሪያ ነው፣ የሚተርፈውም የለመደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ሰው መግደላቸውን ገምቷል፤ ከባዱ ሸክም ያረፈውም ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ላይ ነው። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ መሸጥ ሕጉ ይከለክላል። ሕጉ ፋርማሲው በር ላይ ቆሞ የሚያየው ግን እኔና እናንተን ነው።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ጥየቃ። የኛ ሰው ሲታመም ቤቱ ይሞላል፤ ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ «እግዜር ይማርህ» ባዩ፣ ግንባር ሳሚው። ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን መከላከያ ለሌለው ሰው ሃያ ጠያቂ ማለት ሃያ ትንፋሽ ነው። አንዷ አክስቴ «ደም እንዲተካለት» ብላ ለብ ለብ ክትፎና ያልተፈላ ወተት ይዛ መጣች፤ ሁለቱም ለሱ አደጋ ናቸው። እናቴ እንግዳ መመለስ ሞቷ ነው። ታናሽ እህቴ በሩ ላይ «ማስክ ያላደረገ አይገባም» ብላ ለጠፈች፣ ሁለት ሳምንት ያኮረፉን ዘመዶች አሉ። አባቴ ራሱ «ሳልሞት ለቀስተኛ አባረራችሁብኝ» ብሎ ስቋል፤ ግን ብቸኝነቱ እንደሚከብደው ፊቱ ላይ ይታያል፣ ይሄን ደግሞ የትኛውም መመሪያ አይፈታውም። በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲገባ በየሱቁ በር ላይ እጅ መታጠቢያ የቆመ አገር ነን እኮ! ርቀት መጠበቅ ንቀት ሳይሆን መውደድ የሆነበት አንድ ዓመት ኖረናል፤ ያን ያህል ሩቅ አይደለም።

ክትባትም የዚሁ አካል ነው። ሳንባ ምችን የሚያመጣውን ዋና ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በመደበኛ ፕሮግራም ለሕፃናት ይሰጣል። አባቴ ሕፃን አይደለም፣ ስለዚህ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ሐኪሞች ለሱ ዓይነት ሰው ይህንንና የኢንፍሉዌንዛውን ክትባት ይመክራሉ፤ ገዝቶ ለማግኘት ግን መዞር ነው። ቢያንስ በዙሪያው ያለነው በየጊዜው ያልተጓደለ ክትባት እንዲኖረን አድርገናል።

የጥየቃውን ነገር በመጨረሻ የፈታው ዕድሩ ነው። የዕድሩ ዳኛ የቀድሞ የአባቴ ተማሪ ናቸው። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ በድምፅ ተናገሩ፦ መምህርን የሚጠይቅ በስልክ ይጠይቅ፣ የሚያስለው ሰው ደጃፉን አይርገጥ፣ ሙዝ የሚገዛበትን ብር ለመድኃኒት ያስቀምጥ፣ ጤነኛ የሆነ ደግሞ ደም ይስጥ። ኬሞ የፕሌትሌት ቁጥሩን ሲያወርድበት ፕሌትሌት ይሰጠዋል፤ ከተለገሰ በኋላ የሚቆየው 5 ቀን ገደማ ነው፣ አጠራቅሞ ማስቀመጥ አይቻልም። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ይችላል። ዳኛው የራሳቸውን ስም ከላይ ጽፈው ዝርዝሩን ለቀቁት። እስከ ትናንት 19 ሰው ተመዝግቧል፤ ሰባቱ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ናቸው፣ ከነሱም አንዱ በሰፈሩ ውስጥ ማንም ሰላም የማይለው ሞተረኛ ልጅ ነው። የሚቀጥለው ኬሞ ማክሰኞ ነው።